ጋሽ ይርጋ፣ የቻንግሻው «ሚስተር ጃክ»

ጋሽ ይርጋ መሞቱን ያወቅኩት የምሠራበት የሲያትሉ ሲ-ታክ ኤርፖርት ብሬክ ላይ ሆኜ ሳንድዊቼን ስገምጥ ነው። የቤተ ክርስቲያናችን የቴሌግራም ግሩፕ ላይ አንድ ፎቶ ተለጠፈ። ከሥሩ «የእህታችን የሕይወት አባት በአገር ቤት ወደ ጌታ ሄደዋል፤ ለቅሶው ኦቴሎ ሰፈር በሚገኘው ቤቷ ነው» ይላል። ሕይወት የምትባለውን ሴት አላውቃትም። እኔ እሑድ ሽፍት ስለሚበዛብኝ ከኋላ ገብቼ ከኋላ የምወጣ ምእመን ነኝ። እንደ ልማዴ «ጌታ ያጽናናሽ» ብዬ ላልፍ ስል ፎቶውን አሰፋሁት። ግራጫ ኮት። ወደ ቀኝ ዘንበል ያለ አንገት። ፎቶ አንሺውን «እስቲ ስምህን ከነአባትህ ንገረኝ» የሚል የሚመስል ዓይን።

«ወይኔ ጋሽ ይርጋ!» ብዬ ጮህኩ። አብራኝ ዊልቸር የምትገፋው ፊሊፒናዊት ደንግጣ ተነሳች። እንባዬ ቀድሞኝ ምን እንደሆንኩ ማስረዳት እንኳ አቃተኝ።

ደግሞ ግራ ገባኝ። ጋሽ ይርጋ ሲያትል ውስጥ ልጅ አለው እንዴ? አሜሪካ ልጅ እንዳለችው አውቃለሁ። የት ናት ብዬ በስልክ ስጠይቀው ግን ሁልጊዜ መልሱ «ደህና ናት» ነው። አቤት ሰው! የጠየቅኩት የት ናት ነው እንጂ እንዴት ናት አይደለም። እዚህ የገባሁ ሰሞን ደውዬለት ነበር። «የት አረፍሽ?» አለኝ። «ሲያትል» አልኩት። ዝም አለ። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ «ሃሎ! ሃሎ!» ስል፣ «አለሁ» አለኝ፤ «ዝናብ ይበዛል ይላሉ። ጃንጥላ ግዢ።» ያኔ ምንም አልመሰለኝም። ልጁ እኔ በየቀኑ በባቡር የማልፍበት ጣቢያ አጠገብ ትኖር ነበር፣ እሱም ያውቅ ነበር፣ አልነገረኝም።

የተዋወቅነው ቻይና፣ ቻንግሻ የምትባል ከተማ ውስጥ ነው። እኔ በስኮላርሺፕ ማስተርስ የምማር፣ ቅዳሜና እሑድ ደግሞ ተደብቄ እንግሊዝኛ የማስተምር ልጅ ነበርኩ። ተደብቄ የምለው በተማሪ ቪዛ መሥራት ክልክል ስለሆነ ነው፤ የተያዘ ሰው ይታሰራል፣ ይባረራል። ቢሆንም እዚያ የማውቀው ሐበሻ ተማሪ ሁሉ ማለት ይቻላል ያስተምር ነበር። ሁላችንም «እኔን አያገኙኝም» ብለን ነው።

ትምህርት ቤት ስላችሁ ግቢና ባንዲራ እንዳይመስላችሁ። ከአንድ ኑድል ቤት በላይ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለ የሕፃናት ማስጠኛ ነው። ባለቤቷ ማዳም ሹ ቀጭን፣ ቀልጣፋ፣ ሳቅ ከፊቷ የማይጠፋ ሴት ናት። ወላጆቹ የሚፈልጉት አሜሪካዊ አስተማሪ ነው፤ እሷ ያገኘችው እኛን ነው። ሶ፣ ብዙም አልተጨነቀችም። እኔን «ሚስ ሊሊ ከካሊፎርኒያ»፣ ጋሽ ይርጋን «ሚስተር ጃክ ከኒውዮርክ» ብላ አስተዋወቀችንና ነገሩ አለቀ። ጉድ እኮ ነው፣ ካሊፎርኒያን እስከ ዛሬ አላየኋትም።

ጋሽ ይርጋ ዲላ ውስጥ ዕድሜውን ሙሉ እንግሊዝኛ ሲያስተምር የኖረ ሰው ነው። ልጁ አሜሪካ ሄደች፣ ብዙም ሳይቆይ ሚስቱ አረፈች፣ ቤቱ ሰፋበት። በሃምሳ ምናምን ዓመቱ የቻይንኛ ቋንቋ ተማሪ ሆኖ ተመዝግቦ መጣ። ከሃያ ዓመት ልጆች መሐል ተቀምጦ «ማ፣ ማ፣ ማ» እያለ ድምፅ ሲለማመድ ባየሁት ጊዜ ሳቄን መቆጣጠር አልቻልኩም። «ሳቂ» አለኝ፤ «ያልተሳቀበት ሰው ቋንቋ አይችልም።»

የመጀመሪያ ቀን ክፍሌ ውስጥ የሆነውን አልረሳውም። ልጆቹ ጠረጴዛ ላይ ወጡ። አንዷ ጸጉሬን ያዘች፣ አንዱ ጫማውን ወረወረ። እኔ «ፕሊስ ሲት ዳውን፣ ፕሊስ» እላለሁ፣ ማን ሰምቶኝ! ጋሽ ይርጋ በሩ ላይ እጁን አጣምሮ ቆሞ ያያል እንጂ አይገባም። ሰዓቱ ሲያልቅ ጠራኝ።

«ድምፅሽ ይቅርታ ይጠይቃል» አለኝ።

«ምን አሉ?»

«ስትናገሪ ድምፅሽ ይቅርታ ይጠይቃል። ልጆች ደግሞ ይቅርታ አያደርጉም።»

ኮሪደሩ ጫፍ ላይ አቆመኝና እሱ ሌላኛው ጫፍ ላይ ቆመ። «በይ አስቀምጪኝ» አለ። «ሲት ዳውን» አልኩ። አልተቀመጠም። እንደገና አልኩ። አልተቀመጠም። በመጨረሻ ተናድጄ ስጮህ የኑድል ቤቱ ሰውዬ ከታች ሮጦ ወጣ። ጋሽ ይርጋ ራሱን ነቀነቀ። «ይሄ ቁጣ ነው። ቁጣ አይደለም የጠየቅኩሽ። ይቀመጣል ብለሽ አምነሽ ተናገሪ።» ስንቴ እንዳስባለኝ እንጃ፣ አንድ ጊዜ ግን አፌ ያወጣውን ራሴም ሳላውቀው ጋሽ ይርጋ ወለሉ ላይ፣ ከነኮቱ፣ ዘጭ ብሎ ተቀመጠ። ከዚያ ወዲህ እንግሊዝኛም ሆነ አማርኛ ስናገር ድምፄ አንሶ አያውቅም። አፌም አርፎ አያውቅ፤ ይሄኛው ግን የሱ ጥፋት አይደለም፣ ከናቴ ነው።

አንቱ ስለው ደግሞ ይቆጣል። «አንቱ ብለሽ አርቀሽ አስቀምጠሽኝ እንዴት ልትሰሚኝ ነው? አንተ በይኝ።» እንዲህ ነው አንተ ያልኩት።

ማዳም ሹ ለልጆቹ ሁሉ የእንግሊዝኛ ስም ሰጥታቸው ነበር። አንድ ክፍል ውስጥ ሦስት ኤልሳ አሉ። እሱ አልተቀበለም። የያንዳንዱን ልጅ ቻይንኛ ስም ከነድምፁ አጥንቶ ይጠራቸዋል። ሲሳሳት ልጆቹ በሳቅ ይወድቃሉ፣ እሱ ደግሞ እስኪያስተካክል አያልፍም። «እናቱ ያወጣችለትን ስም ካልጠራሁ የማንን ልጅ ነው የማስተምረው?» ይላል። «አንተስ ታዲያ ጃክ ሲሉህ ምነው ዝም አልክ?» ስለው፣ «እኔ ያረጀሁ ሰው ነኝ፣ የትም አልጠፋም» አለኝ።

ውሸት ግን አይሆንለትም። ወላጆች መጥተው «አሜሪካ ውስጥ የት ነው?» ሲሉት ማዳም ሹ ፊቷ ይለዋወጣል። እሱ ፈገግ ብሎ «እስቲ ገምቱ» ይላል። እነሱ ይገምታሉ፣ ይስቃሉ፣ ደወል ይደወላል፣ ያመልጣል። ማዳም ሹ አንድ ቀን «ኒውዮርክ ቀላል ቃል ናት፣ በላት» ብላ ለመነችው። «እርስዎ ይበሉ፤ የርስዎ አፍ ነው። ከኔ አፍ አትወጣም» አላት። እኔ ደግሞ ምን ልበላችሁ፣ በአንድ ወር ውስጥ ካሊፎርኒያን ከነአየር ጠባይዋ መተረክ ጀምሬ ነበር።

ከልጆቹ ጋር አሜሪካኖች እንደሚያደርጉት መዳፍ ለመዳፍ እንድንማታ ነበር የታዘዝነው። እሱ ያስተማራቸው ትከሻ መግጨት ነው፣ የኛን ሰላምታ። በርከክ ይልላቸዋል፣ ቀኝ እጃቸውን ይጨብጣል፣ ትከሻ ለትከሻ ይገጫቸዋል። እነዚያ ሚጢጢዎች ተሰልፈው፣ ተራቸው እስኪደርስ እየተቁነጠነጡ፣ «ሚስተር ጃክ! ሚስተር ጃክ!» እያሉ። ከዚያ ወደኔም ዞሩብኝ፤ ቅዳሜ ስገባ ትከሻዬ ያመኛል። ወላጆቹ የኒውዮርክ ልማድ ነው ብለው አምነው ነበር።

በዚያው ዓመት ዲቪ ደረሰኝ። መጀመሪያ የነገርኩት እሱን ነው። ደስ ብሎት አቀፈኝና ወዲያው ፊቱ ተለወጠ። «ከቻይና ፖሊስ ከወንጀል ነጻ የሚል ወረቀት ይጠይቁሻል» አለኝ። «እዚህ ከኖርሽ ያለሱ ቪዛ አይሰጡሽም። ሥራ ላይ ከተያዝሽ ደግሞ ወረቀቱንም፣ አሜሪካንም እርሺው።»

«አንተ ይሄን ሁሉ በምን አወቅክ?»

«ሰው ሲያወራ ሰማሁ» አለና ወደ መስኮቱ ዞረ። «ከዛሬ ጀምሮ እዚህ እግርሽ እንዳይረግጥ።»

«አንድ ቅዳሜ ብቻ፣ ልጆቹን ልሰናበት» አልኩት። አልወደደውም። ግን እኔን ማን ያስቆመኛል!

እንግዲህ ጋሽ ይርጋ ለኔ ይህ ነው። ኦቴሎ ለቅሶ ቤት የሄድኩትም ይህንን ሁሉ ሆዴ ውስጥ ይዤ ነው። አፓርትመንቱ ትንሽ ናት። በሩ ላይ ጫማ ተቆልሏል፣ ሳሎኑ ውስጥ ከቤተ ክርስቲያን የመጡ ታጣፊ ወንበሮች ተደርድረዋል፣ ባቡሩ ባለፈ ቁጥር መስታወቱ ይንቀጠቀጣል። ሕይወት ሶፋው ጥግ ላይ ነጠላ ለብሳ ተቀምጣለች። አባቷን ቁርጥ ነው የምትመስለው፣ አንገቷ ሳይቀር ወደ ቀኝ ዘንበል ይላል። ሳያት እንባዬ መጣ። ሁለት ሴት ልጆቿ መኝታ ቤቱ በር ላይ ቆመው ያያሉ።

መዝሙር ተዘመረ፣ ቃል ተነበበ። ከዚያ ሽማግሌያችን ጋሽ ተስፋዬ ብድግ ብለው፣ «አባታችንን በሕይወት ሳሉ የሚያውቋቸው፣ አንድ ቃል የሚመሰክር ካለ ዕድሉን እንስጥ» አሉ።

ማንም አልተነሳም። ሁሉም የመጣው ለሕይወት ብሎ ነው፤ ሟቹን ያየው ሰው የለም። ሰዉ መሬት መሬት ያያል። ባሏ ዳዊት ከአማቱ ጋር በስልክ እንጂ ተገናኝቶ አያውቅም። ሕይወት ዓይኗን በክፍሉ ውስጥ አዞረችና አንገቷን ደፋች። አባት ሞቶባት፣ «ደግ ሰው ነበር» የሚል አንድ እንኳ ምስክር ጠፋ። ያን ማየት አልቻልኩም። ብድግ አልኩ።

«እኔ አውቀዋለሁ» አልኩ። «ሰናይት እባላለሁ። ከአባትሽ ጋር ቻይና አብረን አስተምረናል።»

ሕይወት ቀና አለች። ፊቷ ላይ የወጣው ብርሃን! ጀመርኩላት። ሚስተር ጃክን ነገርኳት፣ ሦስቱን ኤልሳዎች ነገርኳት፣ ኮሪደር ላይ ዘጭ ብሎ መቀመጡን ነገርኳት። ለቅሶተኛው ሳቀ። እሷም እያለቀሰች ሳቀች። «አዎ፣ እንደሱ ነው፣ ልክ እንደሱ ነው» እያለች ባሏን ትነካዋለች። እኔ ደግሞ ሰው ሲስቅልኝ ማቆም የሚባል ነገር አላውቅም። «ትልቁን ነገር ልንገራችሁ» አልኩ። «እኔ ዛሬ ሲያትል የቆምኩት በሱ ነው።»

ያንን ቅዳሜ ነገርኳቸው።

ማዳም ሹ አንድ ዘዴ ነበራት። ፈታሾች ሲመጡ የኑድል ቤቱ ሰውዬ ይደውልላታል፤ እሷ የልደት መዝሙር በስፒከር ትለቃለች። መዝሙሩን የሰማ የውጭ አገር አስተማሪ ባጁን ከአንገቱ አውልቆ፣ በጓሮ ደረጃ ወርዶ፣ ኑድል ቤት እንደ በላተኛ ይቀመጣል። እስከ ዛሬ ሰው ልደት ሲያከብር ዓይኔ የጓሮ በር ይፈልጋል።

ያን ቀን መዝሙሩ ሲለቀቅ ልጆቹን ለቻይናዊቷ ረዳት ሰጥቼ ሮጥኩ። የጓሮውን በር ስከፍት ከታች የቦት ጫማ ድምፅ ይሰማል። በሁለቱም ደረጃ ነው የመጡት። ጋሽ ይርጋ ከየት እንደመጣ እንጃ፣ ክንዴን ያዘኝና እንግዳ መቀበያው ጋ፣ የዓሣው ገንዳ አጠገብ፣ የልጅ ልጆቻቸውን ከሚጠብቁት አያቶች መሐል አስቀመጠኝ። «ቦርሳሽን ጭንሽ ላይ አድርጊ» አለኝ ቀስ ብሎ። «ተማሪ ነሽ። ከጠየቁ አንቺ መልሺ፣ እኔ ውሸት ላይ ሰነፍ ነኝ።»

ሁለት ፖሊስና አንድ የሲቪል ልብስ የለበሰ ሰው ገቡ። ፓስፖርታችንን ጠየቁ። «አጎቴ ነው፣ ሁለታችንም ተማሪዎች ነን፣ ቦታውን ልናይ መጥተን ነው» አልኩ። ሰውየው ቪዛውን አየ፣ ፊቴን አየ፣ ፓስፖርቱን መለሰልኝ። ማዳም ሹ ሻይ እንዲጠጡ ትለምናለች። ሊሄዱ ዞሩ። ጀርባቸውን ሰጡን። በሆዴ «ጌታ ሆይ፣ ትንሽ፣ ትንሽ ብቻ» እላለሁ።

ደወሉ ተደወለ።

የመጀመሪያው በር ሲከፈት የወጡት የኔ ክፍል ልጆች ናቸው። ከፊት ዶዶ የምትባል ጉንጫም ልጅ አለች፣ አየችኝ፣ ትከሻዋን አስቀድማ እየሮጠች ወደኔ መጣች፣ ሌሎቹም ተከተሏት። ሰውየው በልጆቹ ሳቅ ዞረ። ዶዶ አፏን ከፈተች። ስሜን ልትጠራ ነው። አለቀልኝ አልኩ።

«ላይን አፕ!»

ያ ድምፅ! ጋሽ ይርጋ ተነስቶ በኔና በልጆቹ መሐል ቆሟል። የዶዶ እግር ባለበት ቆመ። ያ ሁሉ ልጅ ፊቱን ከኔ ወደ እሱ አዞረ። በርከክ አለላቸው፣ ኮቱ ወለሉን ነካ። ዶዶን በስሟ፣ እናቷ ባወጣችላት ስም ጠርቶ ትከሻዋን ገጨ። ቀጥሎ ያለውን ጠራ፣ ገጨ። ሌላዋን። ፖሊሶቹ ቆመው ያያሉ፣ እሱ አንድም ልጅ ሳይዘል፣ ሳይቸኩል፣ ሁሉንም ሰላም አለ። ወደኔ ሳይዞር፣ ልጆቹን እያየ፣ በአማርኛ፣ «አንቺ ልጅ፣ ዛሬ አንድ ቀን አፍሽን ያዢልኝ» አለኝ።

ያዝኩት። በሕይወቴ አፌን የያዝኩት ያን ቀን ነው።

ተነስቶ ኮቱን አራገፈና በዚያ ሲሳቅበት በኖረው ቻይንኛው፣ «አስተማሪው እኔ ነኝ። እኔ ብቻ። ይቺ ልጅ እንግዳ ናት፣ አታስተምርም» አላቸው። ሲዋሽ የሰማሁት ያኔ ነው። ሰውየው ፓስፖርቱን እንደገና ተቀብሎ አገሩን ጠየቀው፣ በአያቶቹ ሁሉ ፊት። ጋሽ ይርጋ ደረቱን ነፍቶ «ኢትዮጵያ» አለ። ምን እንደሆነ ልንገራችሁ፣ ደስ ብሎት ነው ያለው። አንዲት አያት፣ ሰላምታው ያላለቀለትን የልጅ ልጇን እጅ ይዛ ወደ እሱ መለሰችው። ፖሊሶቹም ጠበቁት። ልጁን ሰላም ካለው በኋላ ይዘውት ወረዱ።

አስረው ካቆዩት በኋላ አባረሩት። ማስጠኛው ተዘጋ። እኔ ወረቀቴን አገኘሁ፣ ቪዛዬን አገኘሁ። ከአዲስ አበባ ሲደውልልኝ መጀመሪያ የጠየቀኝ «ወረቀቱን ሰጡሽ?» ብሎ ነው።

ይህንን ተናግሬ ስጨርስ ለቅሶተኛው «ተባረክ!» «እንዴት ያለ ሰው ነው!» እያለ ነበር። እኔም ምስክርነቴን በደንብ የተወጣሁ መስሎኝ ወደ ሕይወት ዞርኩ። ፊቷ ላይ የነበረው ብርሃን ጠፍቷል።

«መቼ ነው ይሄ የሆነው?» አለችኝ።

«ዲቪ የደረሰኝ ዓመት፣ ክረምቱ ሊገባ ሲል።»

«አባቴ የተባረረው ቪዛው አልፎበት ነው።»

«ኧረ በፍጹም!» አልኩ፣ አፌን በቆረጠው! «ጋሽ ይርጋ? ቪዛው ገና ወራት ሲቀረው ነው ሄዶ የሚያሳድሰው። ማን ነው እንደሱ ያለሽ?»

«እሱ።»

ሕይወት ነጠላዋን ከትከሻዋ አወረደችና ተነሳች። ድምፅዋ አልጮኸም፤ ቢጮህ ይሻለኝ ነበር።

«አባቴን ወደ አሜሪካ የማምጣቱን ፕሮሰስ እኔ ነበርኩ የጀመርኩት» አለች። «ሁሉም አልቆ ኢንተርቪው ብቻ ነበር የቀረው። ከቻይና የፖሊስ ወረቀት አምጣ ተባለ። የተባረረን ሰው ማን ወረቀት ይሰጠዋል? ጠበቃ ያዝኩ፣ ደብዳቤ ጻፍኩ፣ ፋይሉ ዓመት ከዓመት ተጎተተ። መጨረሻው ይኸው ነው።» አየር ሳበች። «እኔ አባቴን ምን እንዳልኩት ታውቂያለሽ? 'ቪዛህ የሚያልቅበትን ቀን ማየት አቃተህ? ልጆቼን ማየት ካልፈለግክ አልፈልግም በለኝ' ነው ያልኩት። በስልክ፣ እየጮህኩ። አንድ ጊዜ አይደለም። ምን አለኝ መሰለሽ? 'ልክ ነሽ ልጄ፣ ዘነጋሁ።'»

ያኔ ነው ሁሉም ነገር የገባኝ። ስለ ፖሊስ ወረቀቱ ያወቀው ሰው ሲያወራ ሰምቶ አልነበረም፤ እሱንም የሚጠብቀው ያው ወረቀት ነበር። «ደህና ናት» የሚለውም ሲያትል ስለው ዝም ያለውም ለዚህ ነበር፤ ሁለታችን እንዳንገናኝ፣ ልጁ እንዳታውቅ፣ እኔም እንዳላውቅ። ምነው ምድር ተከፍታ በዋጠችኝ!

ጋሽ ተስፋዬ «እንግዲህ በጸሎት…» ብለው ሲነሱ፣ «ጋሽ ተስፋዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ አሁን አይደለም» አለቻቸው። ወደኔ ዞረች። «አባቴ ሲመጣ የሚተኛበት ክፍል ይኑረው ብዬ ነው ይሄን ቤት የተከራየሁት።» መኝታ ቤት ገብታ በሩን ዘጋች። ከውስጥ የመጣው ለቅሶ ቅድም ለሞቱ ከለቀሰችው የተለየ ነበር።

ጋሽ ተስፋዬ ክንዴን ይዘው «ዛሬ ሂጂ ልጄ» አሉኝ። በሩ ላይ ካለው ክምር ውስጥ አንዱን ጫማዬን አገኘሁ፣ አንዱን አጣሁ። ሰው ሁሉ ያያል፣ እኔ በጉልበቴ ተንበርክኬ የሰው ጫማ አገላብጣለሁ። በመጨረሻ ዳዊት አግኝቶ ምንም ሳይል ሰጠኝ። ባቡር ውስጥ ገብቼ እስክወርድ አለቀስኩ። ለጋሽ ይርጋ ይሁን ለሷ ይሁን ለራሴ አላውቅም። ያ ሰው እኮ ምስጢሩን መቃብር ድረስ ይዞት ሄዷል፣ እኔ ገና አፈሩ ሳይደርቅ ሳሎኗ መሐል ዘረገፍኩት። ደግሞ ሌላው ልቤ፣ አባቷን እንደ ግዴለሽ አባት ስትቆጥረው ከምትኖር ቢያምም ትወቀው ይለኛል። የትኛው ልክ እንደሆነ ዛሬም አልወሰንኩም።

ሳምንት አለፈ። ቤተ ክርስቲያን አልሄድኩም። አንድ ቀን አንዲት አሮጊት መንገደኛ እየገፋሁ ስልኬ ጮኸ። የማላውቀው ቁጥር ነው።

«ሕይወት ነኝ።»

ዊልቸሩን ጥግ አስያዝኩ። አሮጊቷ አንጋጣ ታየኛለች።

«ይቅር ብዬሻለሁ ልልሽ አይደለም ኮል ያደረግኩት» አለችኝ። «አላልኩሽም። ዛሬም ስነቃ ተናድጄብሽ ነው የነቃሁት። በሱም ተናድጃለሁ፣ በራሴም ተናድጃለሁ። ግን አባቴን እኔ ከመጣሁ ወዲህ አላየሁትም፣ ልጆቼ ደግሞ በስልክ ነው የሚያውቁት። በዚህ ከተማ አብሮት የኖረ ሰው አንቺ ብቻ ነሽ። ቅዳሜ ትመጫለሽ? ልጆቼ ይስሙ። በእንግሊዝኛ ታወሪያቸዋለሽ።»

ቅዳሜ ሽፍት ነበረኝ። «እመጣለሁ» አልኩ።

ሄድኩ። ወንበሮቹ ተመልሰዋል፣ ቤቱ ባዶ ባዶ ይላል። ሕይወት ከሰላምታ በላይ አላናገረችኝም። ልጆቿን ጠረጴዛው ጋ አስቀምጣ እሷ ጀርባዋን ሰጥታን ዕቃ ማጠብ ጀመረች። ኤልያና የምትባለው ትልቋ ስምንት ዓመት ቢሆናት ነው። አገጯን እጇ ላይ አስደግፋ፣ እንደ ዳኛ እያየችኝ አዳመጠች። ትንሿ እንቅልፏ እየመጣ አዳመጠች። አያታቸው ስለነዚያ ስሞች ሲጨነቅ፣ ልጆቹ ሲስቁበት፣ የዓሣው ገንዳ፣ ኑድል ቤቱ። ኤልያና «የኛንም እንግሊዝኛ በስልክ ያርም ነበር፤ እኛ እዚህ ተወልደን!» አለችኝና ሳቀች። ስለ ቅዳሜዋ ቀን ምንም አልተነፈስኩም። ለመጀመሪያ ጊዜ የምናገረውን ቃል ሁሉ አንድ ባንድ እየመረጥኩ ነበር።

ጨርሻለሁ ብዬ ስነሳ ኤልያና፣ «አንድ ጥያቄ አለኝ» አለች በእንግሊዝኛ። «ማሚ ሁልጊዜ አያታችሁ ይመጣል ትለን ነበር። ለምንድነው ያልመጣው?»

ዕቃ ማጠቢያው ላይ የነበረው የውሃ ድምፅ ቆመ። ሕይወት ቧንቧውን ዘግታለች። እውነቱን የመናገር መብት የሷ ነው፤ እጄን አያይዤ ጠበቅኩ።

እጇን አደረቀች፣ መጣች፣ ከልጇ አጠገብ ተቀመጠች። እኔን አላየችኝም። የልጅቷን ጸጉር ከግንባሯ ላይ መለሰችላትና በእንግሊዝኛ፣ ቀስ ብላ መለሰችላት።

«ሊመጣ ነበር» አለቻት። «ግን አንዲት ተማሪ ነበረችው።»